መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ሶፋ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ የቤት ዕቃ ከመግዛት በፊት ክፍሉን ለክቶ ወረቀት ላይ ስለመሳል ነው።

በጥያቄ ልጀምር። የምትተኙበት ክፍል ወርዱ ስንት ነው? ርዝመቱስ? የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል? እጅ አውጡ አልላችሁም፤ ፊታችሁ እየነገረኝ ነው። ብዙዎቻችን የጫማችንን ቁጥር እናውቃለን፣ የክፍላችንን ግን አናውቅም። ጫማ ደግሞ ካልሆነ ይቀየራል። ሶፋ አንዴ ደረጃ ወጥቶ ከገባ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

የቤት ዕቃ የምንመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ቆመን ነው። ጣሪያው ሩቅ ነው፣ ግድግዳው ሩቅ ነው። እዚያ 2 ሜትር ከ40 የሆነ ሶፋ ስታዩ «ይቺማ ትንሽ ናት» ትላላችሁ። ቤት ስትገባ ታብጣለች። ፎቶም ያው ነው። የማስታወቂያ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ክፍሉን አስፍቶ በሚያሳይ ሌንስ ነው። በዚያ ፎቶ ተማርኮ የገዛ ሰው የሚደርሰው ሶፋው ብቻ ነው። በዙሪያው ያየው ባዶ ቦታ አብሮ አይመጣም።

ሥራዬ የክፍል ውስጥ ዲዛይን ነው። ሰዎች ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የሚያነሱት ቀለም ነው። «ግራጫ ይሻላል ወይስ ቡኒ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «በሩ ወደ የት በኩል ነው የሚከፈተው?» እላለሁ። ቅር ይላቸዋል። ቀለም ያስደስታል፣ በር ምን ያስደስታል? ግን ቀለሙ ያስጠላችሁን ሶፋ ጨርቅ ማልበስ ትችላላችሁ። በር የሚዘጋን ሶፋ ምን ታለብሱታላችሁ?

እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልገው 5 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር፣ ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያና መቀስ ነው። በቃ፣ ሌላ ወጪ የለውም።

መለካቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነውና። መጀመሪያ ክፍሉን በነጻ እጅ ጫር ጫር አድርጋችሁ ሳሉት። ማማር የለበትም። በሩ የት እንዳለ፣ መስኮቱ የት እንዳለ ይታይ። ወጣ ያለ ምሰሶ ካለ እሱም ይግባ። ቁጥሮቹን የምትጽፉት በዚህ ስዕል ላይ ነው።

ግድግዳውን ቁርጥራጭ አድርጋችሁ አትለኩት። ከጥጉ እስከ በሩ፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ ከበሩ እስከ መስኮቱ እያላችሁ ለየብቻ ከለካችሁ በየቁራጩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትሳሳታላችሁ። መጨረሻ ላይ ድምሩ ከግድግዳው ጋር አይገናኝም። ይልቅ ሜትሩን ከአንድ ጥግ አስነሱና እስከ ሌላው ጥግ ዘርጉት። ከዚያ ሜትሩን ሳታነሱ በሩ የሚጀምርበትን፣ የሚያልቅበትን፣ መስኮቱ የሚጀምርበትን እያነበባችሁ ጻፉ። ስህተት ቢኖር እንኳ ወደሚቀጥለው አይተላለፍም።

ግድግዳ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይምሰላችሁ። ከታች ደግሞ ዞኮሎ አለ፤ ግድግዳው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት የሚለጠፈው ጠርዝ ማለት ነው። እሱ ብቻውን 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ይበላል። በሁለቱም በኩል ካለ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ለአልጋ ችግር የለውም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሞላ ቁም ሳጥን ላሰበ ሰው ግን ትልቅ ጣጣ ነው። ስለዚህ ወለሉ ላይም፣ በወገባችሁ ከፍታም ለኩና ትንሹን ቁጥር ያዙ።

ጥጎቹ ልክ 90 ዲግሪ መሆናቸውን ለማወቅ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለኩ። 3 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ሰያፉ በሁለቱም በኩል 5 ሜትር መምጣት አለበት። አንዱ 5 ሜትር ከ6፣ ሌላው ከ5 ሜትር በታች ከመጣ ክፍሉ ትንሽ ዘሟል። ጥግ ላይ የሚገጠም መደርደሪያ የምታሠሩ ከሆነ ይህን ለአናጺው ንገሩት።

የሚረሱትንም መዝግቡ። ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የመስኮቱ ደፍ ከፍታ፣ የኮርኒሱ ከፍታ፣ መስኮቱ ወደ ውስጥ ይከፈት ወይ ወደ ውጭ። ሶኬት ትዝ የሚለን ብዙ ጊዜ ቁም ሳጥኑ ከጀርባው ከዋጠው በኋላ ነው።

አሁን ወደ ንጹሑ ወረቀት። የተለመደው ባለ ካሬ ወረቀት ካሬው 5 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱን ካሬ 10 ሴንቲ ሜትር ብላችሁ ቁጠሩት። ስኬሉ፣ ማለትም ስዕሉ ከእውነተኛው ክፍል የሚያንስበት መጠን፣ 1 ለ20 ሆነ ማለት ነው። 4 ሜትር ግድግዳ 40 ካሬ ይሆናል፤ ወረቀቱ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይይዛል። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 4 በ5 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ይገባበታል። ክፍሉ ከዚያ ከበለጠ ሁለት ወረቀት አያይዙ። 1 ለ50 መጠቀምም ይቻላል፤ እዚያ 1 ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር ይወከላል። እኔ ግን ለአንድ ክፍል 1 ለ20ን እመርጣለሁ። በ1 ለ50 እርሳሳችሁ 1 ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል እውነተኛው ክፍል ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ደግሞ በር በሚከፈትና በማይከፈት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

በሩን ስትስሉ የሚከፈትበትን ቅስት አብራችሁ ሳሉት። 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር ሲከፈት ራዲየሱ 80 የሆነ ሩብ ክብ እየጠረገ ነው የሚያልፈው። እዚያ ውስጥ ምንም አይቀመጥም፤ የጫማ መደርደሪያም ቢሆን።

ዕቃዎቹን ክፍሉ ላይ አትሳሏቸው። ወፈር ያለ ወረቀት ላይ በዚያው ስኬል ሳሏቸውና በመቀስ ቁረጧቸው። በእያንዳንዱ ላይ ስሙንና ልኩን ጻፉ። ከዚያ ክፍሉ ላይ አስቀምጧቸው፣ ግፏቸው፣ አዙሯቸው። እውነተኛውን ቁም ሳጥን ለማዞር ሁለት ጎረምሳ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን በአንድ ጣት ታዞሩታላችሁ። አንዱን አቀማመጥ ስትጨርሱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና አፍርሳችሁ ሌላ ሞክሩ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ብዙ ሰው እስከዚህ ድረስ ይሠራል። ዕቃዎቹ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ገቡለት፤ ደስ ብሎት ሄዶ ይገዛል። ከዚያ ቤቱ ውስጥ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ለምን? የሳለው የተዘጋ ዕቃ ነዋ! መሳቢያው ያልተሳበ ኮመዲኖ፣ ወንበሩ ከሥሩ የገባ ጠረጴዛ፣ በሩ የተዘጋ ቁም ሳጥን። ሰው የማይኖርበት ቤት ነው የነደፈው።

ዕቃ ሁለት ልክ አለው። አንዱ ዝም ብሎ ሲቆም፣ ሌላው ሰው ሲገለገልበት። ሻጭ የሚነግራችሁ የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ራሳችሁ ናችሁ የምትጨምሩት። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ስትቆርጡ አካሉን በደማቅ መስመር ሳሉ። ሰው ሲገለገልበት የሚጨምረውን ቦታ ደግሞ በነጠብጣብ መስመር ከፊቱ አስምሩለት። ሁለቱን ሳትነጣጥሉ አብራችሁ ቁረጧቸው።

የምግብ ጠረጴዛን እንይ። አንድ ሰው ሳይጋፋ ለመቀመጥ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ወንበር ስቦ ለመነሳት ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ ግድግዳው ቢያንስ 75 ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል። ከተቀመጠው ሰው ጀርባ ሌላ ሰው የሚያልፍ ከሆነ 90 እንኳ ይጠባል፤ ከ100 በላይ አድርጉት። እንግዲህ ደምሩ። ጠረጴዛው ወርዱ 90 ነው። በሁለቱም በኩል 75 ሲጨመር 2 ሜትር ከ40 ሆነ። 90 ሴንቲ ሜትር የገዛ የመሰለው ሰው 2 ሜትር ከ40 ነው የገዛው። ክብ ጠረጴዛ ለጠባብ ክፍል ይመቻል፣ ማዕዘን የለውምና። ዲያሜትሩ 120 የሆነው ዙሪያው 377 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ60 ስታካፍሉት 6 ሰው ይመጣል። እግሩ መሃል ላይ አንድ ብቻ ካልሆነ ግን 6ቱ በጉልበታቸው ይጣላሉ፤ 4 ብላችሁ ብትይዙት ይሻላል።

ቁም ሳጥን ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሚሆነው በዘፈቀደ አይደለም። የልብስ መስቀያ ወርዱ 42 እስከ 45 ነው፤ ልብሱ በሁለቱም በኩል ይተርፋል፤ የበሩ ውፍረት አለ። ስለዚህ ጥልቀቱ 45 የሆነ ቁም ሳጥን በርካሽ ብታገኙ ልብሱን እንደተለመደው በጎኑ መስቀል እንደማትችሉ እወቁ። ከፊቱ ደግሞ በሩን ከፍቶ ለመቆም 90 ያህል ባዶ ይፈልጋል። ተንሸራታች በር ያለው ከሆነ ያንሳል፤ ግን ሰውዬው አይቀጥንም፣ ቆሞ ልብስ የሚመርጥበት 60 እና 70 ያስፈልገዋል።

ለመተላለፊያ፣ አንድ ሰው ብቻ አልፎ አልፎ የሚሄድበት ከሆነ 60 ይበቃል። ዋናው መንገድ፣ ማለትም ከበሩ ወደ ሌላው በር የሚወስደው፣ 90 ይሁን። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ወይም ይመጣል ብላችሁ ካሰባችሁ ዞሮ ለመመለስ ዲያሜትሩ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ይህን ክብ ቆርጣችሁ አስቀምጡትና ከዕቃዎቹ ጋር አንሸራሽሩት። ወላጆቻችን ያረጃሉ፣ እኛም እንከተላቸዋለን።

ሶፋና የቡና ጠረጴዛ በተቃራኒው መቀራረብ አለባቸው። በመካከላቸው ከ40 እስከ 45 ይበቃል። ከዚያ ከራቀ ብርጭቆ ለማንሳት ትነሳላችሁ፤ ከቀረበ እግር አያልፍም። ቴሌቪዥን? 55 ኢንች የሚባለው ሰያፉ 140 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሰያፉን 1.6 እጥፍ ርቀት ያዙ፤ 2 ሜትር ከ24 ይመጣል። ትንሽ ቢጠጋም ቢርቅም ችግር የለም። ችግሩ መስኮት ፊት ለፊቱ ሲሆን ነው። ቀን ቀን የምታዩት መስኮቱን ይሆናል።

አንድ ደንብ ልጨምር። ወረቀቱ ላይ ነጠብጣብ ከነጠብጣብ ጋር ሊደራረብ ይችላል። የቁም ሳጥኑ ፊት ያለው ቦታና የአልጋው ጎን ያለው ቦታ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትጠቀሙባቸውምና። ነጠብጣቡ ደማቁ መስመር ላይ ከወጣ ግን አንዱ ዕቃ ይወጣል፣ ወይ ያንሳል፣ ወይ ይዞራል። ድርድር የለም። ሁለት ሰው አንድ ክፍል የሚጋራ ከሆነ ደግሞ ለነጠብጣቡም ተጠንቀቁ። ጠዋት ሁለቱም ባንድ ሰዓት ነው የሚነሱት።

አንድ ክፍል አብረን እንሥራ። መኝታ ቤት ነው እንበል፤ 3 ሜትር በ3 ሜትር ከ60። በሩ በአጭሩ ግድግዳ ላይ፣ ቀኝ ጥግ ነው። መስኮቱ ፊት ለፊቱ ባለው አጭር ግድግዳ ላይ ነው። የሚገባው አልጋ ፍራሹ 160 በ200 ነው። ከነፍሬሙ 170 በ210 አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ብዙ ሰው ፍሬሙን ይረሳዋል። ቁም ሳጥኑ ርዝመቱ 180፣ ጥልቀቱ 60 ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አልጋውን በአንዱ ረጅም ግድግዳ፣ ቁም ሳጥኑን ፊት ለፊት ባለው ረጅም ግድግዳ ላይ ነው። ደስ ይላል፣ ሲታሰብ። ወረቀቱ ላይ አልጋው ከግድግዳው 210 ወጣ። ከ3 ሜትር ላይ ሲቀነስ 90 ቀረ። ከዚያ ላይ ቁም ሳጥኑ 60 ወሰደ። የቀረው 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በጎን በጎን ነው የሚታለፈው፤ የቁም ሳጥኑ በርማ በደንብ አይከፈትም። ይህን ለማወቅ የጠፋው ትንሽ ጊዜ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም።

ሁለተኛ ሙከራ፤ የአልጋውን ራስጌ ወደ መስኮቱ እናዙር። መሃል ላይ ሲቀመጥ በግራና በቀኝ 65፣ 65 ይተርፋል። በጣም ጥሩ። ከግርጌው እስከ በሩ ግድግዳ 150 ቀረ። ቁም ሳጥኑን ከበሩ አጠገብ ብናቆመው ከፊቱ 90 ይቀራል። ሁሉም ገባ! ግን መስኮቱ ደፉ 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆንና የአልጋው ራስጌ 110 ቢሆን 20 ሴንቲ ሜትር መስኮት ይሸፈናል። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነም ራስጌው ይገታዋል። ስለዚህ ወረቀቱ አልጋውን አልከለከላችሁም፤ ራስጌው ከ90 ዝቅ ያለ አልጋ ፈልጉ ነው ያላችሁ።

ሦስተኛ፤ ራስጌውን ወደ ግራው ረጅም ግድግዳ መልሱት፣ ቁም ሳጥኑን ግን በበሩ ግድግዳ ላይ ተዉት። ከ360 ላይ 60 ሲቀነስ 300 ቀረ። አልጋው 170 ይወስዳል። 130 ተረፈ። እኩል አታካፍሉት። በቁም ሳጥኑ በኩል 90፣ በመስኮቱ በኩል 40 አድርጉት። ከግርጌው ያለው 90 ልክ በበሩ ትይዩ ይሆናል፤ ገብታችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ መስኮቱ ትሄዳላችሁ። በመስኮቱ በኩል የሚተኛው ሰው ግን 40 ሴንቲ ሜትር ነው የደረሰው። ማን እንደሚሆን ቤታችሁ ተነጋገሩ። እኔ ብሆን ይህንኛውን እመርጣለሁ፤ መስኮቱ ነጻ ሆኖ ይቀራልና።

ይህ በወረቀት ላይ መራመድ የቆየ ዘዴ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካዊቷ ክርስቲን ፍሬድሪክ በኩሽና ፕላን ላይ የሠራተኛዋን ጉዞ በመስመር እያሳየች፣ ዕቃ በትክክል ሲደረደር እርምጃ እንደሚቀንስ አስረዳች። የእሷን ሐሳብ ካጠኑት አንዷ ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ መኖሪያዎች አንድ ኩሽና ነደፈች። ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁሉም ነገር በእጅ ርቀት ነበር። መነሻ ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ የባቡር ምግብ ቤት ኩሽና ነው። 10,000 በሚሆኑ ቤቶች ውስጥ ተገጠመ። ዛሬ ተገጥመው ከሚሸጡት ኩሽናዎች ብዙዎቹ ከዚያ ሥር የበቀሉ ናቸው። ሥራው የተጀመረው ግን ዕቃ ከመግዛት አይደለም፤ ሰው የት ቆሞ ምን እንደሚያነሳ ወረቀት ላይ ከመከተል ነው።

እናንተም አድርጉት። ዕቃዎቹ ከተቀመጡ በኋላ ባለ ቀለም እርሳስ አንሱና ጠዋታችሁን አስምሩ። ከአልጋ ወደ ቁም ሳጥን፣ ከቁም ሳጥን ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ በር። ማታ በጨለማ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው የምትሄዱበትን ሳይቀር። መስመሩ በዕቃ ላይ የሚዞር ከሆነ፣ እዚያ ጋ የሆነ ሰው በየቀኑ ጉልበቱን ሊመታ ነው።

እስካሁን ያየነው ከላይ ወደ ታች ነው። ከፍታም አለ። ቢያንስ ትልልቅ ዕቃ የሚቆምበትን ግድግዳ ፊት ለፊት እንደምታዩት አድርጋችሁ በዚያው ስኬል ሳሉት። የጠረጴዛ ከፍታ 75፣ የወንበር መቀመጫ 45 ነው፤ በመካከላቸው 30 ገደማ ካልቀረ ጭን ይጨናነቃል። ሶኬቱ ከጠረጴዛው በላይ ነው ወይስ በታች? መጋረጃው የጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል? ይህን ፕላን አያሳይም።

ከፍታ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኮርኒሱ 245 ነው እንበል። ቁመቱ 240 የሆነ ቁም ሳጥን ገዛችሁ። 5 ሴንቲ ሜትር ተርፏል፣ ሰላም ነው። ገጣጣሚው ወለሉ ላይ አጋድሞ ይገጥመዋል፣ ከዚያ ሊያቆመው ይሞክራል። ቁም ሳጥን ሲቆም ግን በሰያፉ ነው የሚያልፈው። 240 በ60 ሰያፉ 247 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ነው። ኮርኒሱን ይመታል። አይቆምም። መፍትሔው ቆሞ የሚገጠም ዓይነት መምረጥ ወይም ዝቅ ያለ መግዛት ነው። ይህን ስሌት በሻጩ ወረቀት ላይ አታገኙትም።

ሌላው ዕቃው ወደ ክፍሉ የሚገባበት መንገድ ነው። ክፍሉ ውስጥ መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ በውጭው በር፣ በደረጃው፣ በኮሪደሩ ማጠፊያ ማለፍ አለበት። በጣም ከባድ ጥያቄ ነው፤ የሒሳብ ሊቃውንትም ተቸግረውበታል። ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ሊዮ ሞዘር የተባለ የሒሳብ ሊቅ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ፣ 90 ዲግሪ የሚታጠፍ ኮሪደር ውስጥ ሳይነሳ ተገፍቶ የሚያልፈው ትልቁ ሶፋ የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። በ1992 ጆሴፍ ገርቨር ስፋቱ 2.2195 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ ጠማማ ቅርጽ አገኘ። ከዚያ የሚበልጥ እንደሌለ የሚያሳይ ማስረጃ የቀረበው ገና በ2024 ነው፤ ያቀረበውም ጂኒዮን ቤክ የተባለ ኮሪያዊ ነው። ማንም ሊቀመጥበት የማይፈልግ ሶፋ ነው፣ ግን ያልፋል። እናንተ እንደዚያ አትድከሙ። በመንገዱ ላይ ያለውን ጠባብ ቦታ ሁሉ ለኩ፤ የሶፋው እግርና የእጅ መደገፊያው ይፈታ እንደሆነ ጠይቁ። በቂ ነው።

በስልክ የሚሠሩ አፖችስ? ጥሩ ናቸው፣ አልጠላቸውም። በሦስት አቅጣጫ ያሳያሉ፣ ለቤተሰብ ለማስረዳት ይመቻሉ። አንድ ነገር ግን አልወድላቸውም። ስክሪኑን በጣታችሁ ስታጎሉና ስታሳንሱ ስኬሉ ከዓይናችሁ ይጠፋል። ሁሉም ነገር የሚገባ ይመስላል፣ ዕቃውም ሁልጊዜ ያማረ ነው። በእጅ የተቆረጠ ወረቀት አያምርም። ስለማያምር አያታልልም።

ወረቀቱ ከጸደቀ በኋላ አንድ ፈተና ይቀራል። ክፍሉ ባዶ ከሆነ የዕቃዎቹን ልክ ወለሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር አስምሩት፤ ወይም ጋዜጣ አንጥፉ። ለትልልቆቹ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በመካከላቸው ሁለት ሦስት ቀን ተመላለሱ። የቆመ ነገር ስለሌለ በመስመሩ ላይ መርገጥ ያምራችኋል፤ አትርገጡ። የሶፋውን ቁመት ለማየት ካርቶን ብትደረድሩ ደግሞ የተሻለ ነው።

ጥያቄዎች ተነስተዋል፤ ያገኘኋቸውን ልመልስ።

አንዷ እህት «ዕቃ አለኝ፣ ቤት ነው የምቀይረው» ብላለች። ጥሩ፤ ሥራሽ ቀሎልሻል። ያለሽን ሁሉ ለኪና ቁረጪ። ቁራጮቹን አትጣያቸው፤ በፖስታ አድርገሽ አስቀምጪያቸው። ቤት ልታዪ ስትሄጂ ሜትርና ፖስታውን ይዘሽ ሂጂ። ከመዋዋልሽ በፊት አልጋሽ የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ።

ሌላ ሰው የጠየቀው ስለ ኤል ቅርጽ ሶፋ ነው። ክንፉ በቀኝ ወይም በግራ ይመጣል። ችግሩ «ቀኝ» ሲባል ተቀምጠን ነው ወይስ ፊት ለፊቱ ቆመን? ሻጭ ከሻጭ ይለያያል። በቃል አትዘዙ። የወረቀት ቁራጩን አሳዩና «እንዲህ ነው የምፈልገው» በሉ፤ ደረሰኙ ላይም ይሳልላችሁ።

ቀለምን በተመለከተ የጠየቃችሁኝ አላችሁ፤ አልረሳሁትም። አሜሪካዊቷ ፍሎረንስ ኖል ቢሮዎችን ስትነድፍ በፕላኑ ላይ የጨርቅና የእንጨት ናሙና ትለጥፍ ነበር። ሶፋው በተሳለበት ቦታ የሶፋው ጨርቅ ቁራጭ፣ ወለሉ ላይ የምንጣፉ። እናንተም የመጨረሻውን ፕላን እንዲህ አድርጉት። ከየሱቁ ትንሽ ናሙና ለምኑ። ቁራጩን በስፋቱ መጠን አድርጋችሁ ለጥፉት። ትልቅ ምንጣፍ ደማቅ ቀይ ከሆነ ወረቀቱም ቀይ ይሆናል፤ ያኔ ትወስናላችሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ «ሱቅ ስንሄድ ምን ይዘን እንሂድ?» የሚል ነው። ፕላኑን፣ ሜትሩን፣ አንድ ዝርዝር። ዝርዝሩ ላይ «ሶፋ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። «ሶፋ፣ ርዝመት ከ210 የማይበልጥ፣ ጥልቀት ከ95 የማይበልጥ» ብላችሁ ጻፉ። አልጋ የሚሆነው ዓይነት ከሆነ ተዘርግቶ ስንት እንደሚሆንም ጨምሩ። ከጎኑ የጠባቡን በር ልክ አስፍሩ። ሱቅ ውስጥ የተጻፈውን ልክ አትመኑ፤ የቆመውን ዕቃ ራሱን ለኩት፣ የእጅ መደገፊያው ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ያብጣል። ሻጩ «አይዟችሁ፣ ይገባል» ካላችሁም ፈገግ ብላችሁ ሜትሩን አውጡ።